ምዕራፍ ሰባት፦ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ

አሜሪካ ገብቶ መጋዘን ወይም ፓርኪንግ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ትራክ መንዳት ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ወዳጁ «ለምን ገንዘብህን ታወጣለህ? ኩባንያው ሆቴል ከፍሎ ያስተምርሃል፣ ሥራውንም ይሰጥሃል» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ተው! እዚያ ከፈረምክ ዓመት ሙሉ ታስረህ ነው፤ ከፍለህ ተማርና እንደፈለግክ ሁን» ይለዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ክርክራቸው በትምህርት ቤቱ ክፍያ ላይ ብቻ ስለሚያተኩር ዋናውን ነገር ይዘሉታል።

ዋናው ነገር የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ፣ ማውጣት የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነው። ደመወዝ የሚያሳድገው፣ ኋላም የራስን ትራክ ለመግዛት በር የሚከፍተው ያለ አደጋና ያለ ቅጣት የተነዳ አንድ ዓመት፣ ሲሻል ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ሁለቱን መንገዶች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የመጀመሪያ ዓመትዎን ለማን ይሰጣሉ? በምን ውል? (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመድ ትራክ ቢኖረውም

ብዙ ሰው እቅዱን የሚጀምረው «የአክስቴ ልጅ ሁለት ትራክ አለው፤ ፈቃዱን እንዳወጣሁ ከእሱ ጋር እሠራለሁ» ብሎ ነው። በዳላስ፣ በሲያትል፣ በኮለምበስ፣ በሚኒያፖሊስ ዙሪያ ሁለትም አምስትም ትራክ ያላቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ተስፋው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንቅፋት የሚሆነው ኢንሹራንሱ ነው። ለትንንሽ ኩባንያዎች ሽፋን የሚሰጡ መድን ሰጪዎች አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የመንዳት ልምድ የሌለውን ሾፌር አይቀበሉም፤ የተቀበሉ እንደሆነም የሚጠይቁት ክፍያ ባለ ትራኩን ያከስረዋል። የአክስትዎ ልጅ ሊረዳዎ ቢፈልግም እጁ የታሰረ ነው። አገር ቤት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ቢሆንም ያ ልምድ እዚህ አይቆጠርልዎትም፤ እጅዎ ግን ያውቀዋልና ስልጠናውን ያቀልልዎታል።

በዚህ ምክንያት አዲስ ሾፌር የትም ተማረ የት፣ በአብዛኛው የሚያርፈው አዲስ ሰው መያዝ የሚችሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ነው፦ ስዊፍት፣ ሽናይደር፣ ፕራይም፣ ሲአርኤስቲ፣ ሲአር ኢንግላንድ፣ ሮል እና መሰሎቻቸው። ከእነዚህም በርካቶቹ የራሳቸው ማሠልጠኛ አላቸው ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ወጪውን ችለው ያስተምራሉ። ይህን የሚያደርጉት ወንበሩ ባዶ ስለሚሆንባቸው ነው። የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻዎች ማኅበር በየጊዜው ያወጣቸው በነበሩት አኃዞች መሠረት፣ በትልልቆቹ የረጅም ርቀት ኩባንያዎች የሾፌሮች መልቀቅ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ 90 በመቶ ይጠጋ ነበር። መቶ ሾፌር የሚያስፈልገው ኩባንያ በዓመት ውስጥ ዘጠና ጊዜ አዲስ ሰው ይቀጥራል ማለት ነው። ነፃው ትምህርትና የአንድ ዓመቱ ውል የሚመጡት ከዚህ ነው።

ከሁለቱም መንገድ በፊት

የትኛውንም ከመምረጥዎ በፊት የሚያልፉበት በር አንድ ነው። ከስቴት ስቴት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የጤና ምርመራውን አልፈው ካርዱን ይይዛሉ፤ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈው ፐርሚት ያወጣሉ፤ ፐርሚቱን ከያዙ 14 ቀን ሳይሞላ የተግባር ፈተና መቀመጥ አይቻልም። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ደግሞ አዲስ ክላስ ኤ (የባለ ተሳቢ ትራክ ፈቃድ) የሚያወጣ ሁሉ በፌዴራሉ መዝገብ ከተመዘገበ አሠልጣኝ መማር ግዴታው ነው።

ሁለት ነገር ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ፤ የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አንደኛው የመኖሪያ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው እንደማንኛውም አመልካች ይስተናገዳል። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጥያቄው ያልተወሰነለት፣ የሚያወጣው ሲዲኤል የተለየ ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ይህን ዓይነቱን ፈቃድ በእጅጉ የሚያጠብ ደንብ አውጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቷል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ለማንም አንድ ዶላር ከመክፈሉ፣ በማንም ውል ላይ ከመፈረሙ በፊት የስቴቱ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሄዶ «በዚህ ወረቀት ዛሬ ሲዲኤል ትሰጡኛላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የትምህርት ቤት ሻጭ የሚሰጠው መልስ ለዚህ ጥያቄ አይበቃም።

ሁለተኛው ጫት ነው። በአሜሪካ ሕግ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተከለከለ ነው፤ የንግድ ተሽከርካሪ ሾፌር ከዚህ ምድብ ምንም ነገር መጠቀም አይፈቀድለትም። ማሪዋናም እንዲሁ ነው፤ ስቴቱ ቢፈቅደውም የፌዴራሉ የሾፌሮች ሕግ አይፈቅደውም። ከጃኑዋሪ 2020 ጀምሮ የሾፌሮች የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ደንብ ጥሰት ክሊሪንግሃውስ በሚባል ብሔራዊ መዝገብ ይያዛል፤ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ እዚያ መዝገብ ላይ «የተከለከለ» የሆነ ሾፌር ሲዲኤሉን ራሱን ያጣል። ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

«ነፃ» የተባለው ትምህርት

የኩባንያው መንገድ እንዲህ ይሄዳል። ቀጣሪው በስልክ ያነጋግርዎታል፤ ማመልከቻዎን አይቶ የአውቶቡስ ቲኬት ይቆርጥልዎታል፤ ሆቴል ከሌላ ሠልጣኝ ጋር ይጋራሉ። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ክፍልና ሜዳ ላይ ይማራሉ፣ ይፈተናሉ። ካለፉ በኋላ ከአሠልጣኝ ሾፌር ጋር በአንድ ትራክ ለሳምንታት አገር ላገር ይዞራሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚከፈለው በአብዛኛው በሳምንት የተቆረጠ አነስተኛ ደመወዝ ነው። ከዚያ ብቻዎን ትራክ ይረከባሉ። አንዳንዱ ኩባንያ ግን ብቻዎን አይለቅዎትም፤ ከሌላ አዲስ ሾፌር ጋር አጣምሮ፣ አንዱ ሲነዳ አንዱ እየተኛ ትራኩ ሌት ተቀን እንዲሄድ ያደርጋል። በሚሄድ ትራክ ውስጥ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ወረቀቱ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የኩባንያ ስልጠና ሥሩ ውሉ ነው፤ ውሉም የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሥራዎን ለቀው፣ ሻንጣዎን ይዘው ሌላ ስቴት ከደረሱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «አልፈርምም» ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው። ስለዚህ ገና ቤትዎ ሳሉ «ውሉን በኢሜይል ላኩልኝ» ይበሉ። የማይልክ ኩባንያ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ውሉ ሲደርስዎ እንግሊዝኛውን ደህና አድርጎ ከሚያነብ ሰው ጋር ይቀመጡ። መጀመሪያ የሚፈልጉት የስልጠናው ዋጋ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ነው። «ነፃ» የሚባለው ትምህርት ውሉ ላይ ዋጋ አለው፤ ካቋረጡ የሚጠየቁት እሱን ነው። ቀጥሎ ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይዩ፦ ትምህርት ከጀመሩበት ቀን ነው፣ ፈቃድ ካወጡበት ነው ወይስ ብቻዎን ትራክ ከተረከቡበት? በዚህ ብቻ ሁለት ሦስት ወር ሊለያይ ይችላል። ውሉ በወር ሳይሆን በማይል የተቆጠረ ከሆነ ደግሞ ማይሉን የሚሰጥዎት ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር መሆኑን ያስታውሱ፤ ጭነት በቀዘቀዘበት ወቅት የዕዳዎ መቀነስም አብሮ ይቆማል።

ከሁሉ የምጨነቅለት አንቀጽ ስለ ማቋረጥ የሚናገረው ነው። ስምንት ወር ሠርቶ የለቀቀ ሰው የአራቱን ወር ብቻ ነው የሚከፍለው ወይስ ሙሉውን? ዕዳው ከሠሩት ወር ጋር እየቀነሰ የሚሄድበት ውልና እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉው የሚጠየቅበት ውል በወረቀት ተመሳሳይ ቢመስሉም በኑሮ አይገናኙም። ኩባንያው ራሱ ቢያሰናብትዎትስ? ቢታመሙስ? አብዛኞቻችን አገር ቤት እናትና አባት አለን። ለቅሶ ይመጣል፣ ሕመም ይመጣል። ጎንደር ወይም ደሴ ያለች እናት ስትታመም ለአምስት ሳምንት መሄድ ውል ማፍረስ ይሆናል ወይስ ፈቃድ ተሰጥቶ ዓመቱ ይራዘማል? ይህን ቀጣሪው በቃል «ችግር የለም» ቢልዎትም በጽሑፍ ካልሰጠዎት እንዳልተባለ ይቁጠሩት። ዕዳው ወለድ እንዳለውና ከመጨረሻ ደመወዝ ላይ መቁረጥ ይፈቀድላቸው እንደሆነም እዚያው ይታያል።

ሌላ ኩባንያ ውል ያልጨረሰ ሾፌር ለመውሰድ የሚፈራበትም ምክንያት አለ። የአዮዋው ሲአርኤስቲ ያሠለጠናቸውን ሾፌሮች በ10 ወር ውል ይይዝ ነበር፤ ትራንስአም የተባለ ሌላ ኩባንያ ውላቸውን ያልጨረሱትን ሲቀጥርበት በ2016 ከሰሰው። በ2019 ጁሪው 15.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፤ በ2020 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። ከሳሹ በመጨረሻ ቢሸነፍም፣ እንዲህ ያለ ሙግት ያየ ቀጣሪ «ከማን ጋር ውል አለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሕጉ ወደ ሠራተኛው ያደላባቸው ጊዜያትም አሉ። በጃኑዋሪ 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ፕራይምና በኦሊቬራ ጉዳይ ያለ ልዩነት ድምፅ ሲወስን፣ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ኮንትራክተር ተብሎ ቢቀጠር እንኳ በፌዴራሉ የግልግል ሕግ ከፍርድ ቤት ሊታገድ አይችልም አለ። ኦሊቬራ የፕራይም ሠልጣኝ የነበረ ሾፌር ሲሆን ክሱም አነስተኛው ሕጋዊ ደመወዝ አልተከፈለኝም የሚል ነበር። ካሊፎርኒያም ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚፈረሙ «ቆይ አለዚያ ክፈል» የሚሉ ውሎችን ብዙዎቹን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ የተተዉ ሁኔታዎች ስላሉ ግን እዚያ የሚኖር ሰውም ሕጉን ተማምኖ ሳያነብ መፈረም የለበትም።

ከፍሎ የሚማር ሰው ምን ይገዛል?

የግል ትምህርት ቤት ክፍያ እንደ ቦታው ከ3,000 ዶላር አካባቢ ተነስቶ እስከ 10,000 ይደርሳል። በብዙዎቹ የተለመደው ስልጠና አራት ሳምንት፣ ወደ 160 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወይም ማታ የሚያስተምሩም አሉ፤ ልጅ ላለው፣ ሥራውን መልቀቅ ለማይችል ሰው ይህ ብቻ የክፍያውን ግማሽ ያህል ዋጋ አለው።

ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ግን ጋቢናው ውስጥ መሪ ይዘው የሚቀመጡበትን ሰዓት ይጠይቁ። የፌዴራሉ ደንብ ምን መማር እንዳለብዎት ይዘረዝራል፤ ስንት ሰዓት መንዳት እንዳለብዎት ግን አላስቀመጠም፤ «ችሎታው እስኪረጋገጥ» ነው የሚለው። አንድ ትምህርት ቤት አርባ ሰዓት ያስነዳል፣ ሌላው አሥር ሰዓት አስነድቶ «ችለሃል» ይላል፤ ሁለቱም በመዝገቡ ላይ አሉ። በዲሴምበር 2025 የትራኮችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወደ 3,000 የሚጠጉ አሠልጣኞችን ከዚሁ መዝገብ ለማስወጣት እርምጃ መጀመሩን አስታውቋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በአካል ሄደው፣ በትምህርት ሰዓት፣ ሜዳው ዳር ቆመው ይዩት። በአንድ ትራክ ስንት ተማሪ አለ? ስድስት ተማሪ ለአንድ ትራክ ተሰልፎ ካዩ ከስድስት ሰዓት ውስጥ ለእርስዎ የሚደርሰው አንድ ሰዓት ነው። ወደ ኋላ መሄድ በንግግር አይገባም። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪው ወደ ግራ መዞር እንዳለበት በአንድ ደቂቃ ይነገራል፤ እጅ እስኪለምደው ግን ሰዓታት ይወስዳል።

ትራኩ ማርሹ አውቶማቲክ ነው ወይስ ማኑዋል? በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፤ ማኑዋል መንዳት አይችልም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አሁን በአብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆኑ ለመጀመሪያው ዓመት አይጎዳዎትም። ዓላማዎ ኋላ አሮጌ ትራክ ገዝቶ መሥራት ወይም አሸዋና ጠጠር ማመላለስ ከሆነ ግን በማኑዋል ይፈተኑ።

አሁን በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በዚህ ላይ ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። የፕሪ ትሪፑን (ከጉዞ በፊት የሚደረገውን የትራክ ፍተሻ) ብዙ ክፍል፣ የአየር ብሬኩን አሠራር በራስ ቋንቋ መረዳት ትልቅ ነገር ነው፤ የገባው ሰው አይረሳም። የተግባር ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም። ከዚያም በኋላ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቅዎት። ሾፌር እንግሊዝኛ መናገርና ማንበብ አለበት የሚለው የፌዴራል ደንብ የቆየ ቢሆንም ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን ማድረግ ያልቻለ ሾፌር እዚያው መንዳቱን እንዲያቆም ይደረጋል። ስለዚህ አሠልጣኝዎ በአማርኛ ካስረዳዎት በኋላ በእንግሊዝኛ እንዲደግሙት የሚያስገድድዎ ከሆነ ጥሩ ትምህርት ቤት አግኝተዋል። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ሁሉ ነገር በአማርኛ ከሆነ፣ ርኅራኄው መልሶ ይጎዳዎታል።

ሂሳቡን አንድ ላይ እናስላው

ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ነው የማስቀምጣቸው፣ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩዋቸው። አንደኛው በኩባንያ ተምሮ በማይል 45 ሳንቲም ይጀምራል። ሁለተኛው 5,500 ዶላር ከፍሎ ተምሮ፣ የሚቀጥረውን መርጦ በ50 ሳንቲም ይጀምራል። ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት 100,000 ማይል ቢነዱ ልዩነቱ 5,000 ዶላር ነው። የሁለተኛው ቀጣሪ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ የትምህርት ክፍያውን በወር 150 ዶላር እየመለሰ ቢሰጠው ደግሞ በዓመቱ 1,800 ይጨመርለታል። ያወጣውን 5,500 አስመልሶ 1,300 ዶላር ተርፎታል ማለት ነው። የደመወዙ ልዩነት አምስት ሳንቲም ሳይሆን ሁለት ሳንቲም ቢሆን ግን ይጎድልበታል።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሁሉ ነገር በደህና ከሄደ ሁለቱ መንገዶች በገንዘብ ተቀራራቢ መሆናቸውን ነው። «ነፃ» የተባለውም ዋጋው በሳንቲም በሳንቲም ከማይሉ ላይ ይከፈላል። የሚለያዩት ነገር ሲበላሽ ነው። በኩባንያ የተማረው በአራተኛው ወር መልቀቅ ቢኖርበት ዕዳው በአንድ ቀን ይወድቅበታል። ከፍሎ የተማረው ደግሞ ፈተናውን ቢወድቅ፣ ወይም የመንጃ ፈቃድ ታሪኩ ላይ ባለ አሮጌ ቅጣት ምክንያት የሚቀጥረው ቢያጣ፣ 5,500ው ሄዷል። ፈቃዱን ይዞ ጥቂት ወራት ሳይነዳ ከተቀመጠም ብዙ ኩባንያዎች እንደገና ማደሻ ስልጠና ካልወሰደ አይቀበሉትም። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ለሦስት ለአራት ኩባንያ ያመልክቱ፤ «ፈቃድ ሲያወጣ እንቀጥረዋለን» የሚል የቅድሚያ ደብዳቤ የሚጽፉ አሉ። ደብዳቤው ዋስትና ባይሆንም፣ ማንም የማይጽፍልዎት ከሆነ ችግሩን ገንዘብዎ ሳይወጣ ያውቁታል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እቁብ ላይ ያለ ሰው ዕጣው ሲደርሰው ለትምህርት ቢያውለው ጥሩ ነው፤ ግን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው በስልጠናው ሳምንታትም እቁቡን መጣል ስላለበት ያን ያህል ተቀማጭ ይያዝ። በክሬዲት ካርድ መክፈልን አልመክርም። የኩባንያው ውል ቢያንስ ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ የካርዱ ወለድ ግን ከዓመቱም በኋላ ይከተልዎታል።

ሚስትም፣ እናትም ለሚሆኑ ሾፌሮች

ትራክ የሚነዱ እህቶቻችን ቁጥር እየጨመረ ነው። ለእነሱ ከክፍያው ይልቅ የሚከብደው ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጋቢና ለሳምንታት መኖሩ ነው። ፕራይም በአንድ ወቅት ሴት ሠልጣኞች በሴት አሠልጣኝ ብቻ እንዲሠለጥኑ ያዝ ነበር፤ ሴት አሠልጣኞች ጥቂት ስለነበሩ ሴቶቹ ወንዶቹ የማይጠብቁትን ጊዜ ይጠብቁ ነበር። በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ አሠራር በፆታ ማዳላት ነው ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ዛሬ «ወንድ አሠልጣኝ ይመደብብኛል ወይ? ልለውጥ እችላለሁ ወይ? ሌሊቱን ትራክ ውስጥ ነው የማድረው ወይስ ሆቴል?» ብላ መጠየቅ የእያንዳንዷ መብት ነው፤ መልሱን ሳያገኙ መንገድ አይጀመርም። በግል ትምህርት ቤት መማር ይህን አያስቀረውም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ሾፌርን፣ የትም ቢማር፣ ከአሠልጣኝ ጋር ያስኬዳሉ። የሚያስቀረው ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባ የከተማ ሥራ ማግኘት ነው፤ ፈቃዷ በእጇ ያለ፣ ዕዳ የሌለባት ሴት ደግሞ ያን ለመፈለግ ነፃነቱ አላት።

ሦስተኛ በር

መጋዘን የሚሠራ አንባቢ ይህን በደንብ ያንብብ። ኦልድ ዶሚኒየንና ኤስቲስን የመሳሰሉ፣ የብዙ ደንበኛ ዕቃ በአንድ ተሳቢ አቀናጅተው የሚያመላልሱ ኩባንያዎች የራሳቸውን ሠራተኞች ከመጫኛ መድረክ ላይ ወስደው ሾፌር የሚያደርጉበት ስልጠና አላቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ሾፌሮች ማታ ወይም ጠዋት ቤታቸው ይገባሉ። ዕቃ እያወረዱ ወራትን መጠበቅ ያሰለቻል፤ በትዕግሥት ለሚጠብቅ ሰው ግን ከሁለቱም መንገድ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ወይም ከሥራ ለተቀነሰ ሰው ደግሞ በ2014 የወጣው የፌዴራል የሠራተኞች ሕግ በሚሰጠው ገንዘብ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ወይም በተፈቀደ የግል ትምህርት ቤት መማር ይቻላል። የሚጠየቀው በየአካባቢው ባለው የሥራ ማዕከል፣ በተለምዶ ጆብ ሴንተር በሚባለው ነው። ወረቀቱ ሳምንታት ይፈጃል። ነገር ግን ድጋፉ ሳይፈቀድ ከኪስ የተከፈለን ገንዘብ በአብዛኛው አይመልሱም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት።

ለማን የትኛው

ወር ሁለት ወር ከቤት መራቅ የሚችል፣ ተቀማጭ የሌለው፣ የሚጠብቀው ልጅ የሌለው ወጣት ከሆኑ፣ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድበት ውል ያለው ኩባንያ ጋር ቢሄዱ አልቃወምም። ዓመቱን የትም ቢሆን ለአንዱ ትልቅ ኩባንያ መስጠትዎ ካልቀረ፣ ያለ ወጪ ይስጡት። በውሉ ውስጥ ግን ሙሉ ዕዳ እስከ መጨረሻው ቀን የሚል ካዩ ይለፉት፤ እንዲህ ያልሆነ ሌላ ኩባንያ ይገኛል። ቤተሰብ ያለው፣ አገር ቤት የሚጦር፣ በዓመት ውስጥ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ግን የግድ ቢሆን ስድስት ወር ቆጥቦ፣ በገዛ ገንዘቡ ቢማር ይሻለዋል። እሱ በ5,500 ዶላሩ የሚገዛው አንድ ቀን «ይብቃኝ» ብሎ ትራኩን በክብር አስረክቦ መሄድ መቻልን ነው።

በክብር ማስረከብ ስል ሆን ብዬ ነው። የተናደደ ሾፌር ትራኩን መንገድ ላይ ጥሎ ቢሄድ ያ ድርጊት ዳክ በሚባለው የሾፌሮች የሥራ ታሪክ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የቱንም ያህል ቢበደሉ ትራኩን ወደ ኩባንያው ግቢ መልሰው፣ ፎቶ አንስተው፣ ቁልፉን አስፈርመው ይልቀቁ።

በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ሌላ ወረቀትም ሊመጣልዎ ይችላል፦ «ትራኩን በየሳምንቱ እየከፈልክ የራስህ አድርገው» የሚል። ባለቤት መባል ያጓጓል፤ ግን ጭነቱን የሚሰጥዎት፣ ኪራዩን የሚቆርጥብዎት፣ ጥገናውን የሚያስከፍልዎት ያው አንድ ኩባንያ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ይህን እንዲያጠና ያቋቋመው ግብረ ኃይል በጃኑዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ውሎች እንዲከለከሉ ነው ሐሳብ ያቀረበው። በመጀመሪያው ዓመት አይንኩት።

ዓመቱ ሲሞላ ኩባንያው ዕዳዎ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ያንንም ከሜዲካል ካርድዎ ጋር አብረው ያስቀምጡት። የዳክ መዝገብዎን ግልባጭ በነፃ ማዘዝ ይችላሉ፤ የአምስት ዓመት የአደጋና የሦስት ዓመት የመንገድ ፍተሻ ታሪክ የሚያሳየውን ፒኤስፒ የሚባለውን ደግሞ በትንሽ ክፍያ ያዝዙ። ስሕተት ካለበት አዲስ ቀጣሪ ሳያየው ያስተካክሉት። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2024 ያሰላው የከባድ ትራክ ሾፌሮች መካከለኛ የዓመት ገቢ 57,440 ዶላር ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ገቢዎ ከዚህ በታች ከነበረ፣ አሁን ለአክስትዎ ልጅ ደውለው ኢንሹራንሱን እንዲጠይቅልዎት ማድረግ የሚችሉበት ሰዓት ነው።